ገዳዩ ታውቋል፤ ዕዳው ግን የማን ነው?

የግድያ ድራማ ሲባል አብዛኞቻችን የምንጠብቀው አንድ ነገር ነው። ሬሳ ይገኛል። መርማሪ ይመጣል። ሦስት አራት ሰው ይጠረጠራል። መጨረሻ ላይ ያልጠረጠርነው ሰው እጁ በካቴና ይታሰራል። እኛም ቴሌቪዥኑን አጥፍተን እንተኛለን። የሟች እናት በማግስቱ እህል በአፏ ዞረ አልዞረ፣ የገዳይ እህት ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት እንዴት እንደገባች የሚነግረን የለም።

«ሶሬዴሞ ኢኪቴ ዩኩ» የተባለው የጃፓን ተከታታይ ድራማ ይህን መንገድ ገና ከጅምሩ ዘግቶታል። ርዕሱ በእኛ «ያም ሆኖ እንኖራለን» እንደ ማለት ነው። ፉጂ ቴሌቪዥን በ2011 እ.ኤ.አ. ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር በ11 ክፍሎች አሳየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ጃፓን በሱናሚ ከተመታች ገና አራት ወሯ ነበር። አገር ሙሉ ሐዘን ላይ በተቀመጠበት ሰዓት እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ መምጣት ድፍረት ይጠይቃል። የተመልካቹም ቁጥር ያን ያህል አልነበረም። ማን ይፈርዳል?

ታሪኩ እንዲህ ነው። አኪ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ሐይቅ ዳር ተገድላ ተገኘች። ገዳዩ ፉሚያ ነው። ፉሚያ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ የአኪ ታላቅ ወንድም የሂሮኪ ጓደኛም ነው። ይህን ሁሉ የምናውቀው በመጀመሪያው ክፍል ነው። ድራማው በደንብ የሚጀምረው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ሂሮኪ አባቱ ከሐይቁ አጠገብ በከፈተው የዓሣ አስጋሪዎች ማረፊያ ውስጥ ሥራ ይሠራል ለማለት ያህል ይሠራል፤ ኖረ ለማለትም ይከብዳል። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ትመጣለች። ፉታባ ትባላለች። የፉሚያ ታናሽ እህት ናት።

የሁለቱ ልጆች መገናኘት ነው ድራማው። ሌላው ሁሉ በዙሪያው ያለ ነው።

ደራሲው ዩጂ ሳካሞቶ ነው። ስሙን ባታውቁት እንኳ እጁ ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ቱርኮች «አኔ» እና «ካዲን» ብለው የሠሯቸው ሁለት ድራማዎች መነሻቸው የእሱ ድርሰቶች ናቸው። ቃና ከመጣ ወዲህ የቱርክ ድራማ ስናይ አምሽተን በነጋታው ሥራ ቦታ ያንኑ ስናወራ ለምንውል ሰዎች፣ ሳካሞቶ ባዕድ አይደለም። በ2023 ደግሞ በካን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ወስዷል።

ወደ ሂሮኪ ልመለስ። አኪ የሞተች ዕለት እናትና አባቱ እህትህን ጠብቅ ብለውት ነበር። እሷ ካይት ማብረር ፈልጋለች። እሱ ደግሞ የ14 ዓመት ጎረምሳ ነው። ሹልክ ብሎ የወሲብ ቪዲዮ ሊከራይ ሄደ። በቃ። ይኸው ነው ጥፋቱ። ስንቱ ጎረምሳ ስንት ጊዜ ያደረገው፣ ሲያድግ ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀ የሚያወራው ነገር ነው። ሂሮኪ ግን ይህን ለማንም መናገር አልቻለም። ሐዘኑ ከእፍረት ጋር ተጋባ። የእህትህ ገዳይ ማነው ብትሉት በአፉ ፉሚያ ይላችኋል፤ በልቡ ግን ራሱንም ከተከሳሾቹ መካከል አቁሟል።

ሳካሞቶ እዚህ ላይ ትልቅ ምክንያት መፍጠር ይችል ነበር። ልጁን ጀግና ማድረግም፣ ጨካኝ ማድረግም ይችል ነበር። የመረጠው ግን ትንሹንና አሳፋሪውን ነው፤ በእኔ እምነት ትክክልም ነው። ልጅ የሞተበት ቤት ውስጥ ሰውን የሚበላው እንዲህ ያለው ነገር ነው። «ለምን ያን ቀን ላክኋት?» «ለምን ስልኩን አላነሳሁም?» ሐዘን ቤት ሄዶ ያዳመጠ ሰው ያውቀዋል። አልቃሽ ስለ ገዳዩ ብዙም አይናገርም። የሚናገረው ስለዚያ ቀን ጠዋት ነው።

የእናትየዋ የክዮኮ ደግሞ ይብሳል። ክዮኮ አንጀቷን ሲበላት የኖረው ልጇ ያን ቀን የለበሰችው ቀሚስ ነው። አጭር ቀሚስ ነበር። ያለበሰቻት እሷ ናት። ከግድያው በኋላ ሰው የሚያወራው ወሬ አለ፤ ልጅቷ ከመሞቷ በፊት ሌላም ነገር ደርሶባት ይሆን የሚል ወሬ። ክዮኮ ያንን ጥያቄ ለ15 ዓመት ማንንም ሳትጠይቅ ይዛው ኖረች። ሺኖቡ ኦታኬ የምትባለው አንጋፋ ተዋናይ ይህችን ሴት ስትጫወት አታለቅስም። ለረጅም ጊዜ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ለሰው ትመልሳለች። ኋላ ላይ አፏን ስትከፍት ግን የሚያቆማት የለም፤ ካሜራውም ዝም ብሎ ያያታል። የቴሌቪዥን ድራማ ለአንዲት ሴት ንግግር ያን ያህል ደቂቃ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ሙዚቃ አምጥቶ እንኳ አላቋረጣትም።

የዚህ ሁሉ መነሻ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። ድራማው የማንንም ታሪክ አልገለበጠም። ሆኖም የ14 ዓመት ልጅ ገዳይ ሲባል የትኛውም ጃፓናዊ በ1997 የሆነውን የኮቤ ጉዳይ ያስታውሳል። ያን ዓመት በኮቤ ከተማ አንዲት የ10 ዓመት ልጅና አንድ የ11 ዓመት ልጅ ተገደሉ። በጁን መጨረሻ የተያዘው ሰው የ14 ዓመት ተማሪ ሆኖ ተገኘ። ሕጉ የጥፋተኛ ሕፃናትን ስም ማውጣት ስለሚከለክል ጋዜጦች «ልጅ ሀ» አሉት። ስሙ እስከ ዛሬም እንደዚያው ቀረ።

ያኔ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በመደበኛ የወንጀል ችሎት መዳኘት አይችልም ነበር። ጉዳዩ በቤተሰብ ፍርድ ቤት በዝግ ታየ። በዝግ ማለት ለሟቾቹ ወላጆችም ጭምር ነው። ልጃቸው ለምን እንደሞተ፣ እንዴት እንደሞተ የሚያውቁት እንደማንም ሰው ከጋዜጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለወጠ። ከ2001 ጀምሮ ዕድሜው ወደ 14 ወረደ። በ2004 የወንጀል ተጎጂዎችን መብት የሚደነግግ መሠረታዊ ሕግ ወጣ። በ2008 መጨረሻ ደግሞ ቤተሰቦች በከባድ ጉዳዮች የልጆችን ችሎት ገብተው እንዲከታተሉ ተፈቀደ። ልጅ ሀ ግን በ2004 በአመክሮ ወጥቶ በአዲስ ስም ኑሮ ጀምሮ ነበር።

ድራማው ከታየ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ያ ሰው ስለ ራሱ መጽሐፍ አሳተመ። የሟቾቹን ቤተሰቦች አላስፈቀደም። በ2022 ደግሞ የኮቤ ቤተሰብ ፍርድ ቤት የጉዳዩን መዝገብ ሙሉ በሙሉ አስወግዶት እንደነበር ታወቀ። አዎ፣ ጥሎታል። በቋሚነት መቀመጥ የነበረበትን መዝገብ! የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀጣዩ ዓመት ይቅርታ ጠየቀ። እስቲ አስቡት፦ ገዳዩ ታሪኩን እንደፈለገ ጽፎ ሸጠ፤ መንግሥት ደግሞ የያዘውን ወረቀት ጣለ። በመሀል የሟች ወላጅ ባዶ እጁን ቀረ። ክዮኮ ልብ ወለድ ናት፤ ጥያቄዋ ግን እውነተኛ ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሟች ቤተሰብ ነው። ድራማውን ከብጤዎቹ የሚለየው ግን ሌላኛው ቤት ነው።

የፉሚያ ቤተሰብ የአባትየውን ስም ጥለው በእንጀራ እናትየው ስም ይጠራሉ። ከሰፈር ሰፈር ይሸሻሉ። ትንሽ ሲረጋጉ አንድ ሰው ይደውላል፣ አንድ ወረቀት ይለጠፋል፣ እንደገና ዕቃ ይጫናል። ፉታባ ልጅ ሆና ነው ይህ ኑሮ የጀመራት። ምንም አላደረገችም። ሆኖም ጓደኛ ስታፈራ ትደብቃለች፣ ሥራ ስትይዝ ትደብቃለች። ሂካሪ ሚትሱሺማ ስትጫወታት አንገቷን ደፍታ አይደለም። ይልቅ በማይሆን ቦታ የማይሆን ነገር ትናገራለች፤ ይቅርታ ትልና ይቅርታ በማለቷ እንደገና ይቅርታ ትጠይቃለች። ከሂሮኪ ጋር ሲያወሩ አንዳቸውም ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም። ሁለቱም ከሰው ጋር ማውራት የረሱ ልጆች ናቸው። እንዲያውም ብዙ ቦታ ያስቃሉ! በልጅ ግድያ ድራማ ውስጥ መሳቅ ነውር የመሰለው ካለ፣ እውነተኛ ለቅሶ ቤት ምን ያህል እንደሚሳቅ ያስታውስ።

ጃፓን ውስጥ የወንጀለኛ ቤተሰብ መሆን ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1988 እና በ1989 ቶኪዮና አካባቢዋ አራት ትንንሽ ሴት ልጆችን የገደለው ሰው ከተያዘ በኋላ፣ አባቱ በ1994 ራሱን አጠፋ። በሴንዳይ ከተማ በ2008 የተቋቋመ «ወርልድ ኦፕን ኸርት» የተባለ ድርጅት አለ፤ ሥራው የወንጀለኛ ቤተሰቦችን መርዳት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ማስፈለጉ ራሱ ይናገራል። ጥፋት ሲፈጸም ወላጅ ወጥቶ ካሜራ ፊት አጎንብሶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ይጠበቃል። ያጠፋው ልጅ የ30 ዓመት ጎልማሳ ቢሆንም እንኳ። ይቅርታው ግን ማለቂያ የለውም። ማን ተቀበለው? መቼ በቃ ተባለ? አይታወቅም።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ወግ ትዝ ይለኛል። በእኛ ዘንድም የገዳይ ዘመድ ከደሙ ነጻ አይደለም። ደመኛ ይባላል፤ መንገድ ይቀይራል፤ ገበያ አይወጣም። ነገር ግን ለዚህ መውጫ አለው። ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ዘመድ አዝማድ ያዋጣል፣ ምሎ ተማምሎ ይታረቃል። ከዚያ በኋላ ያንን ደም ያነሳ ሰው ራሱ ነውረኛ ነው። ዕዳው የጋራ ነው፤ ግን ዕለት ተቆርጦለት ይዘጋል። ይህን ስል እያቆነጀሁት አይደለም። ሽምግልና ስንቷን እናት አፏን አስይዞ እንደላከ እናውቃለን፤ የሰባት ዓመት ልጅ ደም ደግሞ በምን ብር ይተመናል? በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ከዓመት በፊት ባሕር ዳር የተገደለችው የሰባት ዓመት ሕፃን ጉዳይ አገር ሲያነጋግር ማንም ዕርቅ አላለም፤ ማለትም አልነበረበትም። የጮህነው 25 ዓመት እስራት አነሰ ብለን ነው። እሱም ተገቢ ነበር። ግን ከቅጣቱ ውጪ ስላለው፣ እናትየዋ ከዚያ ወዲያ በምን አቅሟ እንደምትኖር፣ ያን ያህል አልጠየቅንም።

የፉታባ ችግር ሌላ ነው። የእሷ ዕዳ የሚዘጋበት ዕለት የለም። የሚቀበላት ሽማግሌም የለም። ሂሮኪ አልጠላትም፤ እንዲያውም ወደዳት። እሷ ግን ራሷን ማሰናበት አልቻለችም።

ስለ ገዳዩ ደግሞ ብዙ የምለው የለኝም፤ ድራማውም ብዙ ባለማለቱ አመሰግነዋለሁ። ሹንሱኬ ካዛማ ፉሚያን ሲጫወት ፊቱ እንደተዘጋ በር ነው። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሞተችው እናቱ ፍንጭ ይሰጠናል፤ ፍንጩ ግን ማብራሪያ አይሆንም። አንድ ቦታ ብቻ ልንገራችሁ። ወደ መጨረሻው ላይ ሂሮኪ፣ ፉታባና ፉሚያ አንድ ምግብ ቤት ገብተው ይቀመጣሉ። ሂሮኪ ይህን ሰው ሊገድለው ይፈልግ የነበረ ልጅ ነው። አሁን ግን የልቡን ይነግረዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ማየት እንዴት እንደሆነ፣ አብረው ሊያዩት እንደሚመኝ፣ እየተንተባተበ ይናገራል። አንድ ሰው ለጠላቱ ሊሰጥ የሚችለውን የመጨረሻ ነገር ነው የሰጠው። ፉሚያ ያዳምጣል። ከዚያ «ምግቡ አልደረሰም እንዴ?» ይላል።

ይኸው ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን እዚያ ጋ ገዳዩን ያስለቅሰው ነበር። እኛም አብረን አልቅሰን፣ ሰው መሆኑን አይተን፣ ቀለል ብሎን እንነሳ ነበር። ሳካሞቶ ያንን ነፈገን። ምናልባት ድራማው ውስጥ ካሉት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ በጣም የሚያስፈራው ይህ ምግብ የጠየቀበት ነው። መጥፎ ቃል እንኳ የለበትም። ልመናው እንዳልደረሰው ግን እርግጠኛ ያደርጋችኋል። ይቅርታ ለማድረግ ስትዘጋጁ ሌላው ሰው እዚያ ላይኖር ይችላል።

የማልወድለት ነገርም አለ። አንደኛው ሁለተኛው ጥቃት ነው። ፉሚያ በሌላ ስም ተደብቆ የሚሠራበት የፍራፍሬ እርሻ አለ። እዚያም የእርሻውን ባለቤት ሴት ልጅ ይጎዳታል፤ ሴትየዋ ራሷን ስታ ሆስፒታል ትገባለች፤ ትንሽ ልጅ አለቻት። ደራሲው ይህን ያስገባው ታሪኩ እንዳይቆም ይመስለኛል። ጸጥ ብሎ የሚሄደውን ነገር በግድ ገፋው። ከዚያ ክፍል ጀምሮ ዕጣ ፈንታ ከመጠን በላይ ይጋጠማል፤ ሁሉም ሰው በሁሉም ቦታ ይገናኛል። የቱርክ ድራማ ለለመደ ሰው ምንም አይደለም፤ ሆኖም ድራማው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ከዚህ የተሻለ መሆኑን አሳይቶን ነበር።

ሁለተኛው ግን ከባድ ነው፤ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። (ድራማውን ለማየት ያሰባችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፤ መጨረሻውን ልናገር ነው።) ፉታባ በመጨረሻ ምን ታደርጋለች? ወንድሟ የጎዳት ሴትዮ የወለደቻትን ትንሽ ልጅ ልታሳድግ ትሄዳለች። እንደ እናት ልትሆናት። ሂሮኪ እንድትቀር ይፈልጋል፤ እሷም ትወደዋለች። አንድ ቀን ብቻ አብረው እንደ ማንኛውም ጥንዶች መዝናኛ ቦታ ሄደው ይጫወታሉ። ከዚያ ይለያያሉ። ድራማው ይህን በታላቅ ርኅራኄና በሚያምር ሥዕል ያቀርበዋል፤ ብዙ ተመልካችም እንባውን እየጠረገ አጨብጭቦለታል።

እኔ አላጨበጭብም። ፉታባ ምን አደረገች? ሲደርስባት ልጅ ነበረች። የወጣትነት ዘመኗን በሽሽት ጨረሰች። አሁን ደግሞ ቀሪ ዕድሜዋን ትሰጣለች። ድራማው 11 ክፍል ሙሉ የነገረን የገዳይ እህት ገዳይ አይደለችም የሚለውን ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሂሳቡን አዞረውና ለእሷ ሰጣት። የበደለው ወንድሟ ምግቡ አልደረሰም ወይ ይላል፤ የከፈለችው እሷ ናት።

የሚከራከረኝ ሰው «ማንም አላስገደዳትም፤ ራሷ መርጣ ነው» ይለኛል። እውነት ነው፣ በአፏ መረጠች። ዕድሜ ልኳን ይቅርታ ጠይቂ እየተባለች ያደገች ልጅ ሌላ ምን ትመርጣለች? ሌላው ደግሞ «ትንሿ ልጅስ? እናቷን ማን ይተካላት?» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ ያስጨንቃል። እንኳን ድራማው እኔም መልስ የለኝም። ነገር ግን ልጅቷ አያት አላት፤ አገር አላት፤ መንግሥት አላት። የወላጅ አልባ ሕፃን ጉዳይ የገዳይ እህት ብቻ ጉዳይ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሳካሞቶን ለመከላከል አንድ ነገር ማለት ይቻላል። የጻፈው እንዲሆን የሚመኘውን ሳይሆን የሚሆነውን ነው የሚል። በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ ፉታባ ነጻ ወጥታ፣ ሂሮኪን አግብታ፣ ልጅ ወልዳ ብትኖር የሚያምን አይኖርም ይሆናል። ይህን እቀበላለሁ። ግን እንደዚያ ከሆነ መጨረሻው ማማር አልነበረበትም። ያንን የእርሻ ቤት፣ ያችን ትንሽ ልጅ፣ ያንን የፀሐይ ብርሃን ያየ ሰው ፉታባ ሰላም አገኘች ብሎ ነው የሚነሳው። ክዮኮ ላይ እንዲህ አላደረገም። የክዮኮን ሕመም አላሳመረውም፤ ካሜራውን አቁሞ ሁሉንም አስወጣት። ፉታባ ግን ያንን ዕድል አላገኘችም። እንደ ክዮኮ አፏን ከፍታ «እኔስ? የእኔ 15 ዓመትስ?» ብላ አሥር ደቂቃ ብትጮህ፣ ከዚያ በኋላ ወደ እርሻው ብትሄድ፣ ቢያንስ የምትሄደው ዕዳ ልትከፍል እንጂ ልትድን እንዳልሆነ እናውቅ ነበር።